ፒክአፑ ስንት ኩንታል ይጎትታል? የጊዳ አያና ቁልቁለት ሌላ መልስ አለው

ቲክቶክ ላይ የሚዞሩትን ቪዲዮዎች ሳታዩ አልቀራችሁም። አሜሪካ ያለ የኛ ልጅ፣ ከኋላ በግራና በቀኝ ድርብ ጎማ ያለው ግዙፍ የናፍጣ ፒክአፕ ይዞ፣ ሦስት አራት መኪና የተጫነበት ረጅም ተሳቢ እየጎተተ በሰፊው አስፋልት ይነጉዳል። ሥራው እዚያ «ሆትሾት» ይባላል። እዚህ ደግሞ ቪዲዮውን ያየ ወጣት ወዲያው ማስላት ይጀምራል።

በገጻችን የውስጥ መስመር ደጋግሞ የሚመጣው ጥያቄም ይኸው ነው። «ውጭ ያለ ወንድሜ ፒክአፕ ልግዛልህ ይለኛል። ከኋላው ተሳቢ ቀጥዬ ከጊዳ አያና ነቀምቴ በቆሎ ብጭን ያዋጣኛል? ስንት ኩንታል ይጎትታል?»

ጥያቄው ቀልድ አይደለም። የቤተሰብ ጥሪት፣ የወንድም የሌሊት ፈረቃ ደሞዝ፣ አንዳንዴም የአባት መሬት አለበት። በሌላ በኩል ደግሞ የሰው ሕይወት አለበት። ስለዚህ ቁጥሩን ቁጭ ብለን እንየው።

አጭሩ መልስ ይሄ ነው። ቪዲዮው ላይ የምታዩት ቁጥር ውሸት አይደለም፣ ግን ለኛ መንገድ የተለካ አይደለም። ከጊዳ አያና ወደ አንገር፣ ከአንገር ወደ ነቀምቴ፣ ወይም በቡሬ በኩል ወደ አባይ ለሚጓዝ ሰው የመጀመሪያው ጥያቄ «ያቆማል ወይ?» የሚል መሆን አለበት። «ይጎትታል ወይ?» ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ቁጥሩ ከየት መጣ?

የ2023 ሞዴል ፎርድ ኤፍ-450 እስከ 40,000 ፓውንድ ይጎትታል ተብሎ ነው የተሸጠው። ወደኛ መለኪያ ስናመጣው 18 ቶን ገደማ፣ ማለትም 181 ኩንታል ነው። የሼቭሮሌ ሲልቨራዶ 3500 ደግሞ እስከ 36,000 ፓውንድ ወይም 163 ኩንታል ገደማ ይባላል። የፎርዱ ጉልበተኛ ሞተር 500 የፈረስ ጉልበት አለው። ይሄ በእውነት ትልቅ አቅም ነው።

ግን «እስከ» የሚለውን ቃል አትዝለሉት። ይሄ ቁጥር የሚሠራው ለአንድ የተወሰነ ሞዴል ነው። ካቢኑ ትንሽ፣ የኋላ ጎማው ድርብ፣ የመጎተቻ ዕቃው ከፋብሪካ የተሟላ፣ ተሳቢው ደግሞ ጫፉ ከኋላ አክስል በላይ ካሶኒው ውስጥ የሚታሰር ዓይነት መሆን አለበት። እዚያው ፒክአፕ ላይ ከመከላከያው ሥር ባለው ኳስ ከታሰረ ግን ቁጥሩ በብዙ ይወርዳል። ባለ አራት በሩ፣ ቅንጡው፣ ከባዱ ሞዴል ከሆነም ይወርዳል። መኪናው ራሱ ሲከብድ ለተሳቢው የሚቀረው ያንሳል።

በፊት በፊት እያንዳንዱ ፋብሪካ በራሱ ሚዛን እየለካ «እኔ እበልጣለሁ» ይል ነበር። በኋላ ጄ 2807 የሚባል የጋራ የመለኪያ ደንብ ወጣ። ቶዮታ በ2011 ሞዴሎቹ ቀድሞ ተቀበለው፣ ሌሎቹም እየተከተሉ መጡ። በደንቡ መሠረት ፒክአፑ ሹፌርና አንድ ተሳፋሪ ይዞ፣ ኤሲው ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ፣ አሪዞና ውስጥ ዴቪስ ዳም በሚባል ቦታ 18 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም ዳገት በሙቀት ይወጣል። ባለ ነጠላ የኋላ ጎማው በሰዓት ከ64 ኪሎ ሜትር፣ ባለ ድርቡ ከ56 ኪሎ ሜትር በታች መውረድ የለበትም።

ጥሩ ፈተና ነው። ግን አስፋልቱ ጥሩ ነው፣ ጎማው አዲስ ነው፣ ተሳቢው በትክክል የተሠራ ነው፣ ተሳቢው የራሱ ፍሬን አለው። አሁን ከነዚህ አራቱ ስንቱ እኛ ጋ አለ?

አቅም አንድ ቁጥር አይደለም

«ይሄ መኪና 35 ኩንታል ይጎትታል» ሲባል ብዙዎቻችን 35 ኩንታል በቆሎ ይመስለናል። አይደለም። የተሳቢው ብረት፣ ጎማ፣ ሸራና ገመድ ሁሉ እዚያ ውስጥ ይቆጠራል።

ከዚያም በላይ ገደቡ አንድ ሳይሆን ቢያንስ አምስት ነው፦

1. የመኪናውና የተሳቢው ጠቅላላ ክብደት፣ ሰውም ጭነትም ተደምሮ
2. መኪናው በራሱ ጀርባ የሚሸከመው
3. መጎተቻው (ኳሱ፣ ብረቱ፣ ብሎኑ) የሚችለው
4. አክስሉና ጎማው የሚችሉት
5. ፍሬኑ፣ በተለይ የተሳቢው ፍሬን

የእናንተ እውነተኛ አቅም ከአምስቱ ዝቅተኛው ነው። አራቱ 50 ኩንታል ቢፈቅዱና ጎማው 20 ብቻ ቢፈቅድ፣ አቅማችሁ 20 ነው። በቃ።

አሁን እኛ አገር በብዛት የምናየውን እንውሰድ። ሃይሉክስና ዲ-ማክስን የመሳሰሉ ዘመናዊ ባለ ናፍጣ ፒክአፖች በብዙ አገር ገበያ ፍሬን ያለው ተሳቢ እስከ 3,500 ኪሎ ይጎትታሉ ተብለው ይሸጣሉ። ለስሌት እንዲመቸን ባዶውን 2,100 ኪሎ የሚመዝን፣ ከነተሳቢው ጠቅላላ 6,000 ኪሎ የተፈቀደለት ፒክአፕ አለን እንበል።

ተሳቢው ሞልቶ 3,500 ኪሎ ሆነ። ከ6,000 ሲቀነስ ለፒክአፑ 2,500 ይቀራል። ፒክአፑ ባዶውን 2,100 ነው። ስለዚህ ሹፌሩን፣ ረዳቱን፣ ነጋዴውን፣ በካሶኒው ላይ የሚወረወረውን ሁሉ ጨምሮ የተረፈው 400 ኪሎ ብቻ ነው። አምስት ሰው በ70 ኪሎ ብናሰላ 350 ሄደ። የቀረው 50 ኪሎ ነው። አንድ ኩንታል እንኳ አይሞላም!

ተሳቢው ባዶውን 1,000 ኪሎ ከሆነ ደግሞ የተጫነው በቆሎ 25 ኩንታል ነው ማለት ነው። ትንሹ አይሱዙ ያለ ምንም ተሳቢ ከዚህ በላይ ሕጋዊ ጭነት ይሸከማል። ሥራ ፈቺው ማን እንደሆነ እናንተው ፍረዱ።

ብየዳ ቤት የተሠራው ተሳቢ

ዋናው ጉድ ያለው እዚህ ጋ ነው። እነዚያ «3,500 ኪሎ» የተባሉት ፒክአፖች ተሳቢው የራሱ ፍሬን ከሌለው የሚፈቀድላቸው 750 ኪሎ ነው። ሰባት ኩንታል ተኩል፣ ያውም የተሳቢውን ብረት ጨምሮ።

ከተማ ውስጥ ብየዳ ቤት ሄዳችሁ ከአሮጌ አክስልና ከብረት ቱቦ የምታሠሩት ተሳቢ ፍሬን አለው? አብዛኛውን ጊዜ የለውም። ባዶውን 400 ኪሎ ቢመዝን እንኳ በላዩ ላይ በደህና መጫን የምትችሉት ሦስት ኩንታል ተኩል ነው። ለዚያማ ተሳቢ ምን አስፈለገ? ካሶኒው ላይ ጭኖ መሄድ ይሻላል።

ሌላው ቸል የሚባል ነገር የጭነቱ አደራረግ ነው። በኳስ የሚታሰር ተሳቢ ከጠቅላላ ክብደቱ ከ10 እስከ 15 በመቶው በመጎተቻው ላይ ማረፍ አለበት። ከባዱ ነገር ወደ ኋላ ከተጫነ ተሳቢው የፒክአፑን ጀርባ ወደ ላይ ያነሳዋል፣ ፍጥነት ሲጨምርም እንደ ጅራት መወዛወዝ ይጀምራል። በጣም ወደ ፊት ከተጫነ ደግሞ የፒክአፑ ጀርባ ይረግጥና የፊት ጎማው ይቀላል፣ መሪው አይታዘዝም። ጫኝና አውራጁ ይሄን የሚያውቅበት ምክንያት የለም፣ የሚከፈለው በጆንያ ነው። ኃላፊነቱ የሹፌሩ ነው።

ዳገቱ ጉልበት ይበላል

ነቀምቴ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ነው ያለችው። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ይሳሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ በግምት ከጉልበቱ አሥር በመቶ ያጣል። ቱርቦ ያለው የተሻለ ይቋቋማል፣ ግን እሱም ይበልጥ ይሞቃል። ስለዚህ አሮጌ ቱርቦ የሌለው ናፍጣ ፒክአፕ ይዞ «ድሮ አሰብ መንገድ ላይ እንዲህ ይጎትት ነበር» ማለት ለነቀምቴ ዳገት ዋስትና አይሆንም።

የራዲያተሩን ሙቀት የሚያሳየውን ጌጅ ማየት የዚያን ጊዜ ነው የሚጠቅመው። ሞተሩ ግን ዳገት ላይ ቢደክም የሚደርሰው ጉዳት ገንዘብ ነው። ቆማችሁ ታቀዘቅዙታላችሁ። ትልቁ አደጋ ያለው በሌላኛው በኩል ነው።

ቁልቁለቱ ግን ሰው ይበላል

ከጊዳ አያና የተነሳ ጭነት መጀመሪያ ወደ አንገር ሸለቆ ይወርዳል፣ ከዚያ ወደ ነቀምቴ ይወጣል። ወደ ቡሬ የሚሄደው ደግሞ ወደ አባይ ይወርዳል። በየትኛውም በኩል ብትሄዱ ጭናችሁ ትወርዳላችሁ።

እስቲ 10 ቶን የሚመዝን መኪናና ተሳቢ 700 ሜትር ከፍታ ቢወርድ ምን እንደሚሆን እናስላ። ፍጥነቱ እንዳይጨምር ከተፈለገ ያ ሁሉ ጉልበት ወደ ሙቀት መቀየር አለበት። ሙቀቱ ስንት ነው? አንድ በርሜል ሙሉ፣ 200 ሊትር ውሃ፣ ከቀዝቃዛ ተነስቶ የሚያፈላ! ሹፌሩ ማርሽ ሳይጠቀም ፍሬን ብቻ ረግጦ ቢወርድ ያ ሙቀት ሁሉ የሚገባው ጥቂት ኪሎ በምትመዝን የፍሬን ብረትና ሸራ ውስጥ ነው። ፍሬኑ ይግላል፣ ይሸታል፣ ከዚያ ፔዳሉ ቢረገጥም መያዝ ይተዋል። «ፍሬን እምቢ አለ» ሲባል የምንሰማው በብዙው ይሄ ነው። ፍሬኑ በድንገት አልከዳም። ከላይ ጀምሮ እየነገራቸው ነበር።

የድሮ ሹፌሮች ሕግ እዚህ ጋ አሁንም ይሠራል፦ በምትወጡበት ማርሽ ውረዱ። ሞተሩ ራሱ ይያዝላችሁ፣ ፍሬኑን በየመሐሉ ብቻ ተጠቀሙበት።

ናፍጣ ለመቆጠብ ብሎ በፎሌ መልቀቅስ? ይሄ ራስን መግደል ነው፣ ደግሞም አያተርፍም። ዘመናዊ የናፍጣ ሞተር ማርሽ ውስጥ ሆኖ ነዳጅ ሳይረገጥ ሲወርድ ነዳጅ መርጨቱን ያቆማል። በፎሌ ሲሆን ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ ማቃጠል አለበት። ማለትም የምትቆጥቡት ነገር የለም፣ የምታጡት ግን ሞተሩ የሚይዝላችሁን ጉልበት ሁሉ ነው።

አሜሪካ ያሉት ግዙፍ ፒክአፖች ይሄን ስለሚያውቁ የጭስ ማውጫ ፍሬን ይገጠምላቸዋል፣ ተሳቢውም ከካቢን የሚታዘዝ የኤሌክትሪክ ፍሬን አለው። ቪዲዮው ላይ ግን ይሄ አይታይም። የሚታየው ጉልበቱ ነው።

እዚያም ቢሆን ዝም ብሎ አይጎተትም። ተሳቢው ከ10,000 ፓውንድ በላይ ሆኖ የመኪናውና የተሳቢው የተፈቀደ ጠቅላላ ክብደት 26,001 ፓውንድ ወይም 118 ኩንታል ገደማ ከደረሰ የንግድ መንጃ ፈቃድ ያስፈልጋል። የሚዛን ጣቢያ አለ፣ የመንገድ ዳር ፍተሻ አለ፣ ያልታሰረ ጭነት ያስቀጣል። ወንድማችሁን ጠይቁት፣ ይነግራችኋል።

ያዋጣል ወይ?

አሁን ወደ ኪሳችን እንምጣ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት 100 ብር አለፈ። ስለዚህ መኪናው ብቻ ሳይሆን ጎማው፣ የፍሬን ሸራው፣ ባሌስትራው ሁሉ አብሮ ጨመረ። ናፍጣ ጥር 2017 ላይ አዲስ አበባ ውስጥ በሊትር 99 ብር ሊሞላ ምንም አልቀረውም ነበር፣ ከዚያ ወዲህም ጨምሯል። ወለጋ ከተሞች ውስጥ ደግሞ ማደያ ላይ በማይገኝበት ቀን በጀሪካን ስንት እንደሚሸጥ እናንተ ታውቁታላችሁ።

ጥር 2016 ላይ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ (ዶ/ር) በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን መናገራቸውም ይታወሳል። ያገለገሉ መኪናዎች ላይ ከ2012 ጀምሮ ከባድ የኤክሳይዝ ታክስ አለ። ስለዚህ ወንድማችሁ ብሩን ከመክፈሉ በፊት የመረጠው ፒክአፕ በየትኛው ምድብ እንደሚገባና ስንት ቀረጥ እንደሚጠየቅበት ጉምሩክ ሄዳችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። ደላላ «እኔ አለሁ» ቢላችሁ አትመኑ።

አዲሶቹ የአሜሪካ ናፍጣ ፒክአፖች ሌላም ጣጣ አላቸው። ጭሳቸውን የሚያጣራ ሥርዓት ስላላቸው የድኝ መጠኑ እጅግ ዝቅተኛ የሆነ ናፍጣ ይፈልጋሉ፣ «ዴፍ» የሚባል የዩሪያ ፈሳሽም ይጠጣሉ። ዴፉ ካለቀ ኮምፒውተሩ ፍጥነቱን ሰው በእግሩ ከሚሮጥበት በታች ሊያወርደው ይችላል። ጊዳ አያና ላይ ዴፍ ከየት ልታመጡ ነው? ኮምፒውተሩንስ ማን ሊያነብላችሁ?

ትርፍ ጭነት ማንን ያተርፋል?

እስካሁን ያወራነው ስለ ፒክአፕ ነው። ግን ችግሩ የፒክአፕ ብቻ አይደለም። ሕዝቡ አይሱዙን «አልቃይዳ»፣ ሲኖትራክን «ቀይ ሽብር» ብሎ የሰየመው ያለ ነገር አይደለም። በአዝመራ ወቅት ደግሞ በአንገር ሸለቆ ትራክተሩ ፍሬን የሌለው ተሳቢ ጎትቶ፣ በጆንያው ላይ የቀን ሠራተኛ አስቀምጦ፣ ያለ ኋላ መብራት አስፋልት ላይ ይወጣል። ትራክተር ጉልበት አለው፣ ይጎትታል። ጉልበቱ ግን ለእርሻ እንጂ ሰው ጭኖ ቁልቁለት ለመውረድ አልተሠራም።

ሹፌሩን መስደብ ቀላል ነው። ግን ስሌቱን እዩት። ጭነት የሚከፈለው በኩንታል ነው። አሥር ኩንታል ትርፍ ማለት ለባለቤቱ ትርፍ ገንዘብ ነው፣ ለነጋዴው የቀነሰ ምልልስ ነው፣ ለደላላው ኮሚሽን ነው። ቁልቁለቱ ላይ መሪውን ይዞ ያለው ግን ሹፌሩና ረዳቱ ናቸው። «አልጭንም» ያለ ሹፌር ነገ ሥራ የለውም፣ ቁልፉን የሚቀበል ሌላ ወጣት በር ላይ ቆሟል። ትርፉ ለብዙ ሰው ይከፋፈላል፣ አደጋው ግን ሁለት ልጆች ላይ ይወድቃል።

የጸጥታው ነገር ደግሞ ይሄን ያባብሰዋል። ባለፉት ዓመታት በምሥራቅ ወለጋ መንገድ ሲዘጋ ሲከፈት ከርሟል። መንገድ የተከፈተ ዕለት ሁሉም በአንድ ጊዜ መጫን ይፈልጋል፣ በቆሎው ከሚበላሽ፣ ሰሊጡ ከሚረክስ። «ነገ ይዘጋ ይሆናል» የሚል ስጋት ባለበት ቦታ ሁለት ጊዜ ተመላለሱ ብሎ መምከር ቀላል አይደለም። ሰላም ማጣት የሚገድለው በጥይት ብቻ አይደለም፤ ከአቅም በላይ በተጫነ መኪናም ይገድላል።

መንገዱም ይከፍላል። እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1960 ኢሊኖይ ውስጥ በተደረገ ትልቅ ሙከራ መሐንዲሶች አንድ ነገር አረጋገጡ፦ በአክስል ላይ ያለው ክብደት ሲጨምር በአስፋልቱ ላይ የሚደርሰው ጉዳት በአራት እጥፍ ኃይል ያድጋል። በቀላሉ ሲነገር፣ 10 ቶን መሸከም ያለበት አክስል 13 ቢሸከም ትርፉ 30 በመቶ ነው፣ ጉዳቱ ግን ሦስት እጥፍ ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው። ስንት ዓመት የጠበቅነውን አስፋልት በጥቂት ክረምት ጉድጓድ የሚያደርገው ይሄ ነው። ከዚያ ጉድጓዱ ጎማ ይሰብራል፣ የጭነት ዋጋ ይጨምራል፣ ዋጋ ሲጨምር ደግሞ ትርፍ ጭነት ይመጣል። ዞሮ ዞሮ እዚያው።

እና ምን ይደረግ?

የሚገዛ ሰው፦ «ስንት ይጎትታል?» ብላችሁ ሻጩን አትጠይቁ። በሹፌሩ በር ጠርዝ ላይ የተለጠፈውን ወረቀትና የመኪናውን መጽሐፍ አንብቡ። የመኪናውን የመሸከም አቅም፣ ከነተሳቢው የተፈቀደውን ጠቅላላ ክብደት፣ ፍሬን ላለውና ለሌለው ተሳቢ የተፈቀደውን ለየብቻ ጻፉ። ከዚያ የተሳቢውን ባዶ ክብደት ቀንሱ። የቀረው ነው በቆሎአችሁ።

የሚያሽከረክር ሰው፦ መንጃ ፈቃዳችሁ ተሳቢን እንደሚያካትት አረጋግጡ። ከመነሳታችሁ በፊት የጎማ ንፋስ፣ የተሳቢ ፍሬንና መብራት፣ የመጎተቻ ብሎንና የደህንነት ሰንሰለት እዩ። ጭነቱ አንዴ ሚዛን ላይ ይውጣ፤ በዓይን ግምት 20 ኩንታል የመሰለው 28 ሊሆን ይችላል። ቁልቁለቱ ሳይጀምር ማርሽ ቀንሱ።

ባለቤትና ነጋዴ፦ ከአቅም በላይ ተጭኖ ለደረሰ አደጋ ኢንሹራንስ «አልከፍልም» ሊል ይችላል። ያ ቀን ሲመጣ የአሥሩ ኩንታል ትርፍ የት እንዳለ ትፈልጉታላችሁ።

ሚዛን ጣቢያና ትራፊክ፦ ቅጣቱ ሹፌሩ ላይ ብቻ ከወደቀ ነገር አይቀየርም። ጭነቱን ያዘዘውና ደረሰኙ ላይ ያለው ሰውም ይጠየቅ።

ለጠየቃችሁን ልጆች ደግሞ መልሳችን ይሄ ነው። ፒክአፕ መጥፎ አይደለም። ለዘር፣ ለማዳበሪያ፣ ለወተት፣ ለትንንሽ ዕቃ ጥሩ ሥራ ይሠራል። በቆሎ በገፍ ለማጓጓዝ ከሆነ ግን ያንኑ ብር ከጓደኛ ጋር አዋጥቶ የፍሬኑ ነገር የተረጋገጠ አንድ ደህና የጭነት መኪና መያዝ በስሌትም በዕድሜም ያዋጣል።

ይሄን ጽሑፍ ለሹፌር ጓደኛችሁ ላኩለት። ውጭ ላለው ወንድማችሁም ላኩለት፣ ብሩን ከመላኩ በፊት።